ለእናቴ የሰፋሁት አልበም

ፎቶ መነሣት የማልወድ ሴት ነበርኩ። በልጅነቴ ደብረ ታቦር ቤታችን ውስጥ የነበረው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ሟቹ አባቴ አንድ እጁን ወንበር ላይ ጭኖ፣ ፎቶ አንሺውን ፍርድ ቤት ሊያቆመው እንደቆረጠ ሰው አፍጥጦ። እናቴ በየዓመቱ በሙት ዓመቱ አውርዳ ትወለውለዋለች፣ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። ስለዚህ ፎቶ ለእኔ የሞተ ሰው የሚቀመጥበት ዕቃ ነበር። በሕይወት ያለ ጤነኛ ሰው ለመታወቂያ ካልሆነ በቀር ምን ሊያደርግለት ይነሣል እል ነበር። ከንቱ ውዳሴም ይመስለኛል። አንድ ጊዜ የቤታችንን የንስሐ አባት ጠይቄያቸው፣ መስተዋት ማየት ኃጢአት ካልሆነ ፎቶም አይሆንም፣ ሁለቱንም ግን አታብዢ ብለውኛል። እኔም አላበዛሁም።

ጅማ የገባሁት በዕጣ ነው። በደርግ ጊዜ የመምህራን ማሠልጠኛ ስንጨርስ የምንመደብበትን ቦታ ከሳጥን ውስጥ እናወጣ ነበር። እጄን ከመክተቴ በፊት አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ነበር፤ የወጣልኝ ጅማ ነው። እናቴ ስትሰማ ወባ ነው፣ ዝናብ ነው፣ የእስላም አገር ነው አለች፤ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ ምህላ። እሷ ራሷ ከወረታ አልፋ ሄዳ አታውቅም።

ቦሳ ኪቶ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቅመማ ቅመም የሚነግዱ፣ አምስት ወቅት ሰላታቸውን የማያጓድሉ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ እናቴ ለማለት አዴ ይላቸዋል፤ እኔም አዴ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ኢንታላ ኮ ይሉኝ ጀመር፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የእኔን ጾም ከእኔ በላይ ያውቁት ነበር። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት በመስኮቴ ብቅ ይሉና ዛሬ ወተት የለም፣ ሚቲ? አይደል? ይሉኛል። ለጾሜ አስበው ይሁን ወተቱ እንዲተርፋቸው፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ጅማ ውስጥ መጀመሪያ የገረመኝ ነገር አልበም ነው። ሰው ቤት በእንግድነት ስትገቡ ገና ወንበሩ ሳይሞቅላችሁ አልበም ጭናችሁ ላይ ይቀመጣል። ባለቤቲቱ እስቲ ይህን እያየሽ ትልና ወደ ጓዳ ትሄዳለች። ከጓዳ እስክትመለስ አልበሙን መጨረስ አለባችሁ፤ ስትመለስ ደግሞ ቢያንስ ስለ ሦስት ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። አልበሙም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ቀጥሎ ሐጅ የሄደ ዘመድ፣ ቀጥሎ ሠርግ፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ ዘመቻ የሄዱት በካኪ ልብስ። የማይታወቅ ሰው አይገባበትም። ሰው የሌለበት ፎቶማ ጨርሶ አይታሰብም። እኔ ጠንቃቃ እንግዳ ስለነበርኩ ስለ እያንዳንዱ ሰው እጠይቅ ነበር፤ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ አሁን የት ነው። አንድ ቀን አዴ የእኅታቸውን አልበም ይዤ እንዲህ ስጠይቅ ሰምተው፣ ኢንታላ ኮ፣ ቀበሌ ልኮሽ ነው እንዴ የምትመዘግቢው አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰው ብቻ እጠይቃለሁ።

ፎቶ አንሺውን ያወቅሁት ለመታወቂያ ፎቶ ስነሣ ነው። የጅማ ተወላጅ፣ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ፎቶ ቤታቸው አንድ ክፍልና አንድ ጨለማ ክፍል ነው። በአንዱ ግድግዳ ላይ ሐይቅ የተሳለበት መጋረጃ አለ፤ ሐይቁ ላይ ዳክዬ፣ ከዳክዬው በላይ አውሮፕላን። ሚስማር ላይ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ኮትና አንድ ክራቫት ተሰቅሏል። የከተማው ወንድ ግማሹ በዚያ ኮት ተነሥቷል። ቀና በይ ሲሉኝ አቀረቅራለሁ፤ ትንሽ ፈገግ ሲሉኝ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ አስተማሪዋ፣ ካሜራው አይናከስም አሉና በዚያው አነሡኝ። የዚያን ዓመት መታወቂያዬ ላይ የተነከስኩ እመስላለሁ።

ፊልሙ እስኪታጠብ ተቀምጬ ስጠብቅ አንድ መጽሐፍ አቀበሉኝ። አልበም መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ገጹ የፎቶ ወረቀት ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ጥቁር ወረቀት የተቆረጠ፣ በሲባጎ ወገቡ የታሰረ፣ በራሳቸው እጅ የተሠራ ነገር ነው። ውስጡ ያለው ሁሉ አጋሮ፣ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡና ከተማ፣ የተነሣ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ሰፊ ግቢ ውስጥ ቡና እንዲደርቅ ለፀሐይ ተሰጥቷል። በሁለተኛው ገጽ ደመና ብቻ። በሦስተኛው ሴቶች የሸራ ጫፍ ይዘው ይሮጣሉ። በአራተኛው ገጽ ግቢው ባዶ ነው፤ ጭቃ ውስጥ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ ተሰክቶ ቀርቷል። እኔ እንደ ለመድኩት ሽማግሌ ፈለግሁ፣ ሙሽራ ፈለግሁ። አጣሁ። ገጹን ቶሎ ቶሎ እገልጥ ጀመር።

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ ሰው የለም እኮ" አልኳቸው፣ ባለማወቅ የተሳሳቱ መስሎኝ።

"አሁን ነው የሮጠችው" አሉኝ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ።

ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሸራ ከሚይዙት ሴቶች መካከል ፊት ለፊት ያለችው አንድ እግሯ ባዶ ነው። እንደገና ወደ ጫማው ገለጥኩ። እንደገና ወደ ሴትዮዋ። እንዲህ ስመላለስ የመታወቂያዬ ፎቶ ደርሶ እሳቸው ቆመው ይጠብቁኝ እንደነበር አላየሁም። እስከዚያ ቀን ድረስ ፎቶ ለብቻው የሚሰቀል ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አንዱ ገጽ ለሌላው ነገር ሊያቀብል እንደሚችል አላውቅም ነበር። እንደ ግዕዝ ቅኔም መሰለኝ፤ ሰም እንጂ ወርቁ ያልታየኝ ተማሪ ሆንኩ። ይህን ለሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ሙገሳ የሚወዱ ሰው አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ ማለት ጀመርኩ። ለሥርዓቱ ስል በሩ ክፍት ሆኖ በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው። አንድ ቀን በአጋሮው መጽሐፍ ላይ ቀዩ የቡና ፍሬ ጥቁር ሆኖብኝ፣ ይህማ ውሸት ነው አልኳቸው። ቀለሙን አንቺ አምጪ፣ ሁሉንም እኔ ላሟላ እንዴ አሉኝ። ከተማው እሳቸውን ለነገሩ ያከብራቸዋል፣ በሰው አልባው ፎቶ ጉዳይ ግን ትንሽ ይጠራጠራቸዋል። ፊልም እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ባዶ ግቢ የሚያነሣ ሰው ጤነኛ ነው? ቀበሌም አንድ ጊዜ ጠርቶ ሰው የሌለበት ፎቶ ለማን ነው የሚላከው ብሎ ጠይቋቸዋል። ዘመድ ለሌለው ብለው መለሱ። ስቀው ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጧቸው፤ ድልድይ እንዳያነሡ የሚል መስመር ጨምረውበት።

ጅማ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ የእናቴ ደብዳቤ መጣ። እናቴ ማንበብና መጻፍ አታውቅም፤ የሚጽፉላት ያው የንስሐ አባታችን ናቸው። ስለዚህ ደብዳቤዎቿ ግማሽ እሷ ግማሽ እሳቸው ናቸው፤ እሷ ትቆጣለች፣ እሳቸው ጥቅስ ይጨምራሉ። አጎቴ በክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቢሮ ዝውውር ክፍል ይሠራል። የዝውውር ወረቀቴን አዘጋጅቶ የቀረው የሷ ቃል ብቻ ነው። ኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ እንዴት እንደምትኖሪ በዓይኔ ካላየሁ አስፈርመዋለሁ ትላለች። እንዴት አድርጋ በዓይኗ እንደምታይ አልተናገረችም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እኔም ክረምቱን ለመሠረተ ትምህርት ስለተመደብኩ መሄድ አልችልም።

መመለስ አልፈለግሁም። ይህን እስከዚያ ቀን ለራሴም አልተናገርኩትም ነበር። ደብረ ታቦር ብመለስ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ፤ እናቴ ያዘጋጀችልኝ ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ አለ፣ ደግ ነው ይባላል፣ አርባ ዓመት አልፎታል። ጅማ ግን የራሴ ቁልፍ አለኝ። የእጅ ሥራ የማስተምራቸው ሠላሳ አራት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ መርፌ መያዝ የማያውቁ መጥተው በዓመቱ አንሶላ የሚጠልፉ። ከደብዳቤው በኋላ ሦስት ቀን ሱባዔ እንደያዘ ሰው ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን አዴ ማል ታቴ፣ ምን ሆንሽ ብለው ያዙኝ፤ ነገርኳቸው። እናትሽ በዓይኗ ማየት ከፈለገች ታያ፣ ፎቶ ቤቱ ቅርብ አይደል እንዴ አሉ።

ፎቶ አንሺው በነጻ አደርገዋለሁ ብለው ተስማሙ፤ በምትኩ የአጋሮውን መጽሐፍ ወገብ በደንብ እንድሰፋላቸው ጠየቁኝ። በሲባጎ ያሰሩት ይፈታባቸው ነበርና ለእሳቸውም ለእኔም መልካም ሆነ። ፎቶውን ያነሡት በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ነው፣ ዝናቡ አንድ ቀን ፋታ በሰጠ ጊዜ። በማለዳ ነጠላዬን ለብሼ፣ መዝሙረ ዳዊት ይዤ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆምኩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ክፍሌ በር ላይ ቆምኩ። ሳይሰለቹ አነሡኝ፤ በመጨረሻ ግን አስተማሪዋ፣ ይህን ሁሉ በር ማን ሊሰርቀው ነው የምትጠብቂው አሉኝ። ከዚያ ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በአዴ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የጨረሱ መሰለኝ፤ እኔም ረሳኋቸው።

አዴ ያን ቀን ጠዋት ጎደሬ ይቆፍሩ ነበር። ጎደሬ እንደ ድንች ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፤ ቅጠሉ ዣንጥላ ያክላል። ደብረ ታቦር ማንም አያውቀውም፤ እኔም ጅማ እስክመጣ አላየሁትም። አዴ በጾሜ ወቅት ለእኔ ብለው ይቀቅሉታል፤ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ለብቻው የተቀመጠ ድስት አላቸው። ልጠውና ቆራርጠው፣ ቀቅለው፣ በኑግ ዘይትና በአዋዜ ያሹታል። እኔ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም እሳቸውም ከእኔ ጋር ይቆያሉ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግቢው ውስጥ በአንድ ሳህን ቀረብን። አዴ ጸሎቴን እስክጨርስ ጠብቀው፣ እኔ እጄን ወደ ሳህኑ ስዘረጋ፣

"ኢንታላ ኮ፣ ይህን ሁሉ ዳዊት ደግመሽ ባል ካልመጣ አድራሻሽን አላስገባሽም ማለት ነው" አሉኝ።

እኔ ጥርሴን አሳይቼ የማልስቅ ሴት ነኝ። ያን ጊዜ ግን እስከ መንጋጋዬ ሳቅሁ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ፎቶዎቹ ታጥበው ሲወጡ ፎቶ አንሺው መሬት ላይ ዘርግተው አሰለፏቸው። በር ላይ ከቆምኩባቸው አንዱን ብቻ መረጡ፤ የቀሩትን ወደ ጎን ጣሏቸው፣ እኔም ሰበሰብኳቸው። ከዚያ የጎደሬው ቅጠል፣ ከዚያ አፈር የያዙ የአዴ እጆች፣ ከዚያ እሳት ላይ የተጣደው ድስት፣ ከዚያ ሳህኑና ሳቃችን። በዚህ ቅደም ተከተል በክር አስረው ሰጡኝና፣ ስፊው፣ አታዘበራርቂው አሉኝ። እሺ አልኩ። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት።

ቤቴ ገብቼ ከአቡጀዲ ሽፋን ቆረጥኩ፤ ጠርዙን በቀይ ክር ዘመዘምኩ፣ መሀሉ ላይ መስቀል ጠለፍኩ። ገጾቹን ልሰፋ ስል ግን እጄ ያዘኝ። ቅጠል። እጅ። ድስት። ሦስት ገጽ ሙሉ የሰው ፊት የለም። እናቴ ይህን ለጎረቤት ስታሳይ ምን ትላለች? ልጄ ጅማ ሄዳ ድስት ሆነች ልትል ነው? በሰው ቤት ያየኋቸው አልበሞች ሁሉ ትዝ አሉኝ፤ ሥርዓት ያለው ሰው ሥርዓት ባለው መንገድ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ሦስቱን አወጣኋቸውና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ። ፎቶ አንሺው የጣሏቸውን በሮች መለስኩ፤ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ክፍሌ። የሳህኑን ፎቶ መጨረሻ ላይ አደረግሁት፤ እናቴ ሁልጊዜ ከስተሻል ትለኛለችና በዚያ ፎቶ ላይ ጉንጬ ሞልቶ ነበር። ጠንቃቃ ስለሆንኩ ደግሞ ከየፎቶው ሥር በጥሩ የእጅ ጽሕፈት መግለጫ ጻፍኩ። ከሳህኑ ሥር የጻፍኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ "ከአከራዬ ከአዴ ጋር ማዕድ ስንቆርስ፤ በጾመ ፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት።" ለፖስታ ቤቱ ሰጥቼ በደስታ ተመለስኩ።

መልሱ የመጣው መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። ደብዳቤው ሰላምታ አልነበረውም። የእናቴ ደብዳቤ ሰላምታ ከሌለው ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ እዚያው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። የሞትኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ ቤተ ክርስቲያኑን አይታ እልል ብላለች። ትምህርት ቤቱን አይታ መርቃለች። የመጨረሻውን ገጽ ስትገልጥ ሳህኑን አየች። ጎረቤት ተጠራ። አንዷ ጥብስ ነው አለች፤ ሌላዋ ጉበት ነው አለች። የንስሐ አባታችን ከፎቶው ሥር የጻፍኩትን አነበቡላቸው። የእስላም ሥጋ በፍልሰታ፣ ያውም እየሳቀች።

ሳቅሽ ነው የጎዳኝ ትላለች እናቴ። ብታለቅሺ ኖሮ ተገደደች እል ነበር። አጎቴ ለኅዳር ሚካኤል እንዲያስፈርም ተነግሮታል። ከታች የንስሐ አባታችን በራሳቸው ቃል አንድ መስመር ጨምረዋል፤ በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ፣ ሥጋ ነው ብዬ አልፈርድም፣ አይደለም ብዬም አልምልም።

መጀመሪያ ለአዴ ነገርኳቸው፤ ተሳስቼ ነው የነገርኳቸው። እኔ ብቻ የተጎዳሁ መስሎኝ ነበር። አዴ ሱብሃነላህ አሉና ተቀመጡ። በጾምሽ ሥጋ ያበላሁሽ እኔ ነኝ? ድስቱን ለብቻ ያስቀመጥኩት እኔ? እያሉ ተነሥተው ገቡና በራቸውን ዘጉ፤ አዴ በቀን በር ሲዘጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በማግሥቱ ግን የዒድ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ትልቅ ጎደሬ ከነአፈሩ አቅፈው መጡና፣ ተነሺ ፎቶ ቤት እንሂድ አሉኝ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ለእናቷ ነው ይላሉ አዴ፣ ለእናቷ ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለም።

ፎቶ አንሺው ታሪኩን ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት ስለ እናቴ አልነበረም።

"ሦስቱ ገጾች የት ገቡ?"

"መሳቢያ ውስጥ ናቸው።"

"ፊት ስለሌላቸው?"

"አዎ" አልኩ፤ ለንስሐ እንደቀረበ ሰው አንገቴን ደፍቼ።

"ጎደሬ ፊት ያለው መስሎሽ ነበር?" አሉ። ከዚያ ብዙ የማይናገሩት ሰው የዕለቱን ንግግር ሁሉ በአንድ ጊዜ ተናገሩ። አንድ ፎቶ ብቻውን ሲሆን ሰው የፈለገውን ያናግረዋል፤ ጎረቤት ሲኖረው ነው የሚጠነቀቀው አሉ። ያን ቅጠልና ያን ድስት ያስቀመጥኩት ለሳህኑ እንዲመሰክሩለት ነበር፤ አንቺ ምስክሮቹን አሰናብተሽ በር አስቆምሽለት አሉኝ። ትክክል ነበሩ።

ሌላ መጽሐፍ ለመሥራት ተስማማን። ጊዜ አልነበረንም፤ ፖስታው ሁለት ሳምንት ይወስዳል። እኔ ከየገጹ ሥር ይህ ጎደሬ የሚባል ሥር ነው ብዬ በትልቁ ልጽፍ ፈለግሁ። በመጠቅለያ ወረቀት ላይ ሞክሬ አሳየኋቸው፤ ጽሕፈቱ ጥሩ ነበር። ፎቶ አንሺው እምቢ አሉ።

"ከጻፍሽበት ቄሱ ጽሑፉን ያያሉ፣ እናትሽ ቄሱን ያያሉ። ፎቶውን ማን ሊያየው ነው?"

በዚህ ጉዳይ ሁለት ቀን ተከራከርን። በሦስተኛው ቀን እኔ ተሸነፍኩ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ያለ መግለጫ የተሰፋውን ገጽ ስመለከት ራቁቱን የወጣ ሰው ያየሁ ያህል አፈርኩ። ኔጌቲቩ እሳቸው ዘንድ ስለነበረ ያን ቀን ያነሡትን ሁሉ ደግመው አጠቡ፤ መጀመሪያ ያላሳዩኝም ነበረበት። አዴ ሲቆፍሩ ከጓሮው አጥር ጋር። እጃቸው። የተላጠው ጎደሬ ሳፋ ውስጥ። ድስቱ። ሳህኑ፤ ከጀርባችን የዘይቱን ዛፍ ጥላ መሬቱ ላይ ረዝሞ። በሩ ላይ የቆምኩበት አንድም አልገባም። ጭቅጭቅ የሆነው የአዴ ፎቶ ነው። አዴ በዒድ ቀሚስ ሐይቁና አውሮፕላኑ ፊት ቆመው ጎደሬውን እንደ ጨቅላ ሕፃን አቅፈዋል። ፎቶ አንሺው ይህ ፎቶ አይደለም፣ የጎደሬ ማስታወቂያ ነው፣ መጽሐፉን ያበላሸዋል አሉ። አዴ እኔ ነኝ የተከሰስኩት፣ ቃሌን ሳልሰጥ አይዘጋም አሉ። መጨረሻ ላይ ገባ። በደብዳቤው ላይ ሰላምታዬን ብቻ ጻፍኩ፤ መልሴን ከመጽሐፉ እዩት አልኩ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ጥቅምት ገባ። ልጆቹ የጠረጴዛ ልብስ ጀምረው ነበር፤ ስንጨርስ ቀጥሎ ምን እንሠራለን ሲሉኝ እግዚአብሔር ያውቃል እላቸው ነበር። በክፍሌ ያለውን ዕቃ በዓይኔ ሣጥን ውስጥ እከትት ጀመር። አዴ ሲያዩኝ ገና ኅዳር አልገባም፣ ወንበሬን አትውሰጂብኝ ይሉኛል።

ደብዳቤው በጥቅምት መጨረሻ መጣ። ብቻዬን ማንበብ ፈራሁና አዴን ይዤ ፎቶ ቤት ሄድኩ፤ እዚያ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ሰላምታው ሙሉ ገጽ ነበር። አዴ ሰላምታው ይህን ያህል ከረዘመ ደግ ነው አሉ፤ ቀጥዪ አሉ ፎቶ አንሺው።

እናቴ ቅጠሉን አይታ መጀመሪያ ኮባ ነው ብላለች። ቀጥሎ ሥሩን ስታይ ኮባ ማለቷን ተወች። የአዴን እጆች የያዘው ገጽ ላይ ብዙ ቆየች፤ ይህች ሴት በዚህ ዕድሜዋ መሬት የምትቆፍረው ለእኔ ልጅ ነው? ብላ ጠየቀች። ያ ጉበት ነው ያለችው ጎረቤት እንደገና ተጠርታ ገጾቹን ከመጀመሪያው እንድታይ ተደረገ፤ ሳህኑ ጋ ስትደርስ ቤት እሳት ጥጄ መጥቻለሁ ብላ ወጣች።

ከዚያ የንስሐ አባታችን በራሳቸው ቃል የጻፉት መጣ። ሥር መሆኑን አየሁ፣ የሥር መብል ጾም አይሽርም፣ ነገር ግን አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር ይላሉ፤ በስንት ሰዓት በላች? ቀጥለው እንዲህ ጽፈዋል፦

"ሥሩ ሲቆፈር የአጥሩ ጥላ ወደ አንድ ወገን ነው። ከድስቱ ገጽ ላይ አጥሯል። ማዕዱ ላይ ግን የዛፉ ጥላ ወደ ሌላው ወገን ዞሮ ረዝሟል። እኔ ለቅዳሴ ሰዓት ጥላ በእግሬ ስለካ አርባ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ልጅቱ በሰዓቷ ነው የበላችው ብዬ ለእናትሽ ነግሬያለሁ፤ በዚህኛው እምላለሁ።"

ፎቶ አንሺው የሚያደርቁትን ወረቀት አስቀመጡ። ቄስ ጥላ እንዴት እንደሚለካ ጠየቁኝ፤ ፀሐይ ላይ ቆመው የራሳቸውን ጥላ በእግራቸው እየረገጡ እንደሚቆጥሩ፣ ለየወሩም ቁጥሩ የተለያየ እንደሆነ ነገርኳቸው። ያን መጽሐፍ እኔ ያሰለፍኩት በጥላው ነው፣ ጠዋት ጀምሮ ከሰዓት እንዲያልቅ፤ ማንም አይቶት አያውቅም ነበር አሉ። ከዚያ ያቺን መስመር እንደገና አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው። አንድ ጊዜ ደግሞ አሉኝ።

"ስለ እኔስ ምን ይላል?" አሉ አዴ፣ ትዕግሥታቸው አልቆ።

ስለ አዴ የተጻፈው መጨረሻ ላይ ነበር። ያቺን ሥር ያቀፈች እመቤት ከእኔ ሰላም በያት፤ ሕፃን አያያዝ የምታውቅ ሴት ናት፤ አደራዬን በያት ይላል። አጎትሽን ወረቀቱን አስቀምጠው ብዬዋለሁ፣ እስከ ከርሞ ኅዳር ሚካኤል እዚያው ኑሪ፤ ለዚያን ጊዜ እንዲሁ ያለ መጽሐፍ ላኪልኝ፣ ከዚያ እናየዋለን።

አዴ አልሃምዱሊላህ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ፎቶ አንሺው ዞሩ። ማስታወቂያ ነው አልነበር ያልከው? እኔ ባልኖር ይህች ልጅ ዛሬ ዕቃዋን እየጫነች ነበር አሉ። ፎቶ አንሺው ጥላው ነው ያስቀራት፣ ቄሱ የጻፉትን አልሰሙም እንዴ አሉ። ጥላ አደራ ይቀበላል? አሉ አዴ። ክርክሩ በኦሮምኛ ቀጠለ፤ በኦሮምኛ ሲሆን ፈጥኖ ስለሚያመልጠኝ ማን እንዳሸነፈ አላውቅም። እኔ ደብዳቤውን አጥፌ ከነጠላዬ ጥለት ሥር ከተትኩ። የከሰዓቱ ደወል ሊደወል ነው፤ ልጆቹ የጠረጴዛውን ልብስ ጨርሰው ቀጥሎ ምን እንደምንሠራ ሊጠይቁኝ ይጠብቁኝ ነበር፤ በመንገድ ላይ እየተጣደፍኩ፣ አንሶላ ይሻላል ወይስ መጋረጃ እያልኩ አስብ ጀመር።